እናቴን ይዤ በጁላይ መል ደሴት ልሂድ ወይስ ልሰርዘው?

የክላይዱ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ግላስጎ ነው የምኖረው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች፣ በጁላይ መጨረሻ ለሁለት ሌሊት ወደ ስኮትላንዷ መል ደሴት ልወስዳት አስቤ ነበር። ዋና ምኞቷ ከመል አጠገብ አዮና የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ያለውን ጥንታዊ ገዳም ማየት ነው። ትንበያው ግን ዝናብ በዝናብ ነው። እሷ ብርድ አትችልም፣ ጉልበቷንም ያማታል። የሄዳችሁ እስቲ ምከሩኝ።

ካፊያ፦
እንዳትሰርዘው! እዛ ዝናብ የሌለበትን ቀን ከጠበቅክ መቼም አትሄድም። በጁላይ ቀኑ ቢሞቅ 16፣ 17 ዲግሪ ነው። ቁጥሩ ከአዲስ አበባ ክረምት ብዙ አይርቅም፣ የሚያንዘፈዝፈው ንፋሱ ነው። ዝናቡም ወርዶ የሚያባራ ዶፍ ሳይሆን በጎን እየመጣ ፊት የሚገርፍ ካፊያ ነው። ጃንጥላ ወዲያው ይገለበጣል፣ ተወው። ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት ግዛላቸው። ጋቢው ለማታ ቤት ውስጥ ይሁን፣ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም።

መንገደኛው፦
እኔን የሚያሳስበኝ ከዝናቡ ይልቅ መንገዱ ነው። ከግላስጎ ወደብ ከተማዋ ኦበን በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከዛ መርከቡ የመል ወደብ ክሬግኒዩር እስኪደርስ 50 ደቂቃ ያህል። ከክሬግኒዩር የአዮና ጀልባ እስከሚነሳበት ፊነፎርት ያለው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደግሞ አብዛኛው አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ከፊት ሌላ ሲመጣ በየቦታው የተሠራው ማሳለፊያ ውስጥ ገብተህ ትጠብቃለህ፣ በግም መሃል መንገድ ላይ ይተኛል። መኪና ይዘህ ከሆነ የመርከቡን ቦታ ዛሬውኑ ያዝ፣ በዚህ ወቅት ቶሎ ይሞላል። አዮና ግን የጎብኚ መኪና አይገባም። ከፊነፎርት በጀልባ 10 ደቂቃ ነው፣ ከወደቡ እስከ ገዳሙ ቀስ ብለው ቢሄዱ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ማደሪያችሁን ፊነፎርት አድርጉ።

እህተ ማርያም፦
ወንድሜ፣ ውሰዳቸው። ቅዱስ ኮሉምባ ከአየርላንድ በ563 መጥቶ የመሠረተው ቦታ ነው፣ የአሁኑ ሕንፃ ከሱ ብዙ ዘመን በኋላ ቢሠራም። ከገዳሙ ፊት ለፊት የቅዱስ ማርቲን መስቀል የሚባል ረጅም የድንጋይ መስቀል አለ፣ ከ1200 ዓመት በላይ እዛው ቆሟል። ጠጋ ብለው ይዩት፤ መሃሉ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ከሥሯ ዳንኤል ከአንበሶቹ ጋር፣ አብርሃምም ይስሐቅን ሊሠዋ ሲል ተቀርጸዋል። እናትህ ማንም ሳያስረዳቸው ያውቋቸዋል። በዝናብ ደግሞ ሰው ስለሚቀንስ ተረጋግተው ያያሉ።

የክላይዱ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዛው አካባቢ ስታፋ ደሴት ላይ ያለው ዋሻ ጋርም ልውሰዳት ብዬ ነበር?

መንገደኛው፦
ይቅርባችሁ። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባው ሰው አያወርድም፣ ቢያወርድም ደረጃው ገደል ነው፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። ያን ቀን ለአዮና ስጡት።