ክርክር፦ በሐዋሳ ምክር ቤት ለሌሎች ብሔረሰቦች የተጠበቀ መቀመጫ ይኑር?

መምህር፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፦
ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 98.5 በመቶ የሚሆነው መራጭ በደቡብ ክልል መቆየትን ከሚወክለው የጎጆ ምልክት ይልቅ ራስን የቻለ ክልል መሆንን የሚወክለውን ሻፌታን መርጧል፤ ሲዳማም ክልል ሆኗል። ያንን ውሳኔ አልነካውም። የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ ስላለው ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በሐዋሳ አስተዳደር ሥር ከ258 ሺህ በላይ ሰው ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ሲዳማው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። የቀረው አማራ፣ ወላይታ፣ ኦሮሞ፣ ጉራጌ፣ ከምባታና ሌላም ነው። ግብር ይከፍላል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ልጅ ይድራል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ለየብሔረሰቡ በክልልና በፌዴራል አስተዳደር ሚዛናዊ ውክልና ይሰጣል። ስለዚህ በከተማውም በክልሉም ምክር ቤት የተጠበቀ መቀመጫ ይሰጠው እላለሁ። ተቃውሞ ያለው ይናገር፤ ስድብ ግን አንቀበልም።

ነጋዴ፣ አዲስ ከተማ፦
መምህር፣ ልጆቼን አስተምረውልኛልና አከብርዎታለሁ። በዚህ ግን አልስማማም። ሲዳማ በደቡብ ክልል ከ56 ብሔረሰቦች አንዱ ተብሎ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሯል። ያ ክልል የብሔረሰቦች ምክር ቤት ነበረው፤ ለሁሉም ወንበር ነበር። ወንበሩ ጥያቄያችንን መለሰልን? ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የከተማዋን ጉዳይ ይዘን ሰልፍ ስንወጣ እዚሁ ሐዋሳ አጠገብ ሎቄ ላይ ተተኮሰብን። ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ደም ፈሰሰ። ዛሬ ወላይታው በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጉራጌውና ከምባታው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ቤት አላቸው። ሶዶ ላይ ለሲዳማ የተጠበቀ ወንበር አለ? እኛ ገና ቤታችን ገብተን ሳንቀመጥ ወንበር አካፍሉ መባል ያሳዝናል።

ነርስ፣ አረብ ሰፈር፦
ጋሼ፣ ያለፈውን ማንም አይክደውም፤ ሎቄን የሚያቃልል ሰው ካለ እኔም አልታገሠውም። “ቤት አላቸው” ያሉት ግን እኔን አይመለከትም። አባቴ ከምባታ፣ እናቴ አማራ ናቸው። ዱራሜን የማውቃት ሁለት ጊዜ ለለቅሶ ሄጄ ነው። ቤቴ እዚህ ነው።

መምህር፣ የእርስዎም ሐሳብ ለእኔ አይሆንም። አንድ ጊዜ መታወቂያ ላወጣ ሄጄ ፎርሙን የምትሞላልኝ ልጅ “ብሔር?” አለችኝ። “ሁለቱንም ጻፊው” አልኳት። መስመሩን በእስክሪብቶዋ ለካችና “አንድ ብቻ ነው የሚገባው፣ የአባትሽን ልጻፈው” አለች። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች። የተጠበቀ መቀመጫ ሲመጣ ያቺ መስመር ወደ ምርጫ ጣቢያ ትገባለች። እኔ በየትኛው ወንበር ልቆጠር?

ጠበቃ፣ መሐል ከተማ፦
እኅቴ ቁስሉን ነክታዋለች። አንቀጽ 39 ንኡስ አንቀጽ 5 ብሔረሰብን ሲተረጉም ከቋንቋና ከሥነ ልቦና ጋር በተያያዘ መልክዓ ምድር መኖርንም ይጨምራል። በየሰፈሩ ተበትኖ የሚኖረው የከተማ ሰው በዚህ ትርጉም ውስጥ መግቢያ አያገኝም። አንቀጽ 54 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ 20 መቀመጫ የሚሰጠውም ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ነው። ወላይታና አማራ በአገር ደረጃ ትንሽ አይባሉም። ሐረርን የሚጠቅስም አይጠፋም፤ እዚያ 14 ወንበር የተጠበቀው ክልሉ በስሙ ለሚጠራው ለሐረሪው እንጂ ለሌላው ነዋሪ አይደለም።

ከወንበር በፊት ደግሞ ቋንቋ አለ። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የአካባቢውን ቋንቋ አይችሉም ተብለው እጩዎች ታገዱ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ኋላ ላይ መለኪያው የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው አለ። እዚያ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ስለነበር ለእጩዎቹ በጀ። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። በዚያ መለኪያ ከሄድን ወንበር ቢጠበቅም የሚቀመጥበት እጩ ላይኖር ይችላል።

የእኔ ሐሳብ የከተማው ምክር ቤት በተመጣጣኝ ውክልና እንዲመረጥ ነው። ዛሬ በምርጫ ክልሉ አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን ይወስዳል፤ የተሸነፈው ድምፅ ባዶ ይቀራል። አንቀጽ 54 ይህን ብልጫ ያገኘ የሚወስድበትን አሠራር ያዘዘው ለፌዴራሉ ምክር ቤት ነው፤ ለከተማ ምክር ቤት አላዘዘም። የምርጫ ሕጉ ይሻሻል፤ ዝርዝር ይዞ የቀረበ ሁሉ ባገኘው ድምፅ ልክ ወንበር ይውሰድ። የማንም ደም አይመረመርም።

ጡረተኛ፣ ሐዌላ ቱላ፦
ልጆቼ፣ በእኛ ሶንጎ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ ማለት ነው፣ ነገር ሲቆረጥ እጅ አይቆጠርም። ሽማግሌው “አፊኒ” ይላል፤ ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ዳር የተቀመጠው አልሰማሁም ካለ ነገሩ ይደገማል፣ እሱም ይናገራል። ይህ የሲዳማ ሥርዓት ነው፣ ከሌላ የመጣ አይደለም። ሻፌታ እኮ ቤተሰብ ዙሪያውን ሆኖ ቡርሳሜ የሚበላበት ነው። እንግዲህ ልጄ ነጋዴው፣ አርባ ዓመት አብሮህ የኖረውን ጎረቤትህን ሳትጠይቅ ስለ ከተማው ስትወስን “አፊኒ” ያልከው ለማን ነው?

ነጋዴ፣ አዲስ ከተማ፦
አባባ፣ እርስዎን አልመልስም። ጠበቃው ያለውን ለከተማው ምክር ቤት እቀበላለሁ። ለክልሉ ምክር ቤት አልቀበልም፤ ክልሉ የሲዳማ የራስ አስተዳደር ነው። ቋንቋውም አይነካ፤ ወንበር የፈለገ ሲዳምኛ ይማር።

ነርስ፣ አረብ ሰፈር፦
ተምሬያለሁ ጋሼ። ሌሊት ከገጠር የምትመጣ ወላድ ምጧን የምትነግረኝ በሲዳምኛ ነው። ጎረቤቶቼ ግን ሥልሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ አሁን ተማሩ ብሎ ማዘዝ አፋችሁን ዝጉ ማለት ነው።

መምህር፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፦
የብሔር መቀመጫውን ትቻለሁ፤ እኅቴ ስለ እናቷ ነጠላ የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ልሟገትለት አልችልም። በተመጣጣኝ ውክልናው ግን እጸናለሁ፤ ለክልሉ ምክር ቤትም ቢሆን። በከተማው ምክር ቤት ደግሞ ለሁለት የምርጫ ዘመን አስተርጓሚ ይመደብ።

ነጋዴ፣ አዲስ ከተማ፦
ለአንድ ዘመን ይመደብ፣ ከዚያ አያልፍም። አባቴ በገዛ መሬታቸው ጉዳይ በአስተርጓሚ ሲከራከሩ ልጅ ሆኜ አብሬያቸው ነበርኩ። የሚሉትን ግማሽ እንኳን አልነገረላቸውም፤ እኔ ግን ሁለቱንም ቋንቋ እሰማ ነበር።