የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ የሚታጠፍ ዱፕሌክስ ላሜራና የገጹ አያያዝ

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን አየሁት። የብረቶቹን ዓይነት ማወዳደር ላይ ብዙ ገጽ ፈጅተናል። ኤፍዲኤክስ 25 እና 27 (ዱፕሌክስ የሚባሉ፣ ኦስቴናይትና ፌራይት የተሰኙ ሁለት የውስጥ መዋቅሮች የተደባለቁባቸው የማይዝግ ብረት ዓይነቶች) በክሮሚየም፣ በሞሊብዲነምና በናይትሮጅን መጠናቸው ምን ያህል ዝገት እንደሚቋቋሙ በግርድፉ ይሰላል፤ ያ ስሌት ግን ስለ ገጹ ምንም አይልም። ፕሮፖዛሉ ገጹን ይያዝ ባይ ነኝ።

ከብየዳ ቡድን፦ በጣም እስማማለሁ! የብየዳውን ዳር እዩት፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ሰማያዊ ይሆናል። ከቀለሙ ሥር ክሮሚየሙ የተመናመነ ስስ ሽፋን አለ። በሽቦ ብሩሽ ስትፈትጉት ቀለሙ ይለቃል፣ ያ ሽፋን ግን እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ደንበኛው ያብረቀርቃል ብሎ ይረከባል፣ ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል። ስለዚህ አራት ገጽ እናወዳድር፦ እንደተበየደ የተተወ፣ በብሩሽ የተፈተገ፣ በግራይንደር ከሻካራ ወደ ለስላሳ የተሞረደ፣ በናይትሪክና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የታጠበ። ተራ ብረት የነካ ዲስክ ናሙናችንን እንዳይነካ።

ከላብራቶሪ፦ መለኪያው ኤኤስቲኤም ጂ150 የሚባለው የመቦርቦር ፈተና ደረጃ ይሁን። በ1 ሞላር የጨው ውሃ ውስጥ 700 ሚሊቮልት ተይዞ ሙቀቱ በየደቂቃው 1 ዲግሪ ይጨምራል፤ ብረቱ መቦርቦር የጀመረበት ሙቀት ይመዘገባል። አንድ ነገር ግን አደራ። ላብራቶሪዎች ናሙናን ከፈተና በፊት በአሸዋ ወረቀት መፈተግ ልማዳቸው ነው። እዚህ እንደዚያ ካደረግን ልንለካው የመጣነውን ገጽ ራሳችን ላጥነው ማለት ነው። በረቂቁ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ከቅርጽ ማውጫ ቡድን፦ የታጠፈውስ? እነዚህ ብረቶች ሲለጠጡ ከኦስቴናይታቸው ከፊሉ ማርቴንሳይት ወደሚባል ጠንካራ መዋቅር ይለወጣል፣ በደንብ የሚታጠፉትም ለዚህ ነው። ጠፍጣፋ ላሜራ ብቻ ፈትነን ስለ ተሠራ ዕቃ ማውራት አንችልም።

ከላብራቶሪ፦ ልክ ነህ፣ ግን የታጠፈ ናሙና የፈተናው ዕቃ ላይ በትክክል አይገጥምም። ላሜራውን በመሳቢያ ማሽን ለጥጠን ከመሃሉ ጠፍጣፋውን እንቁረጥ፤ ያልተለጠጠ ደግሞ አብሮ ይሂድ።

አስተባባሪ፦ ጥሩ፣ ይግባ። ዱፕሌክስ በአሲድ ለመጽዳት ከተለመደው 304 የማይዝግ ብረት የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ የብየዳ ቡድኑ የማቆያ ሰዓቱን በሙከራ ናሙና ይወስን። በጀቱ ላይ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል (አሲዱ ያረፈበት ቆዳ ላይ የሚቀባ) እና መከላከያ ልብስ ሳይገባ ፊርማዬን አላኖርም፤ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ሳያም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የናሙናውን ሰንጠረዥ ላብራቶሪው፣ የደኅንነቱን ክፍል እኔ እጽፋለሁ።