የመንደሯን ስም እንጥራ ወይስ እንተወው?

የመነሻ ሐሳብ፣ ከሮም

እህቶቼ፣ ባለፈው ሳምንት በደቡብ ጣሊያን ተራራ ላይ ስላለች አንዲት መንደር ጽፌ ስሟን ሳልጠራ ብቀር ግማሾቻችሁ አመሰገናችሁኝ፣ ግማሾቻችሁ ንፉግ አላችሁኝ። እንግዲያው በግልጽ እንከራከር። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ያገኘችውን ጸጥ ያለ ቦታ ለሕዝብ ማስታወቅ ይገባታል? የእኔ መልስ አይገባትም ነው። ሮካራሶን ተመልከቱ። በአብሩዞ ተራሮች ላይ ያለች የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ናት። በጥር 2025 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቲክቶክ የምትታወቅ አንዲት ሴት ስለ ቦታው ካወራች በኋላ በአንድ እሁድ ብቻ ከናፖሊ አካባቢ ከ200 በላይ አውቶቡሶች ጎረፉባት። መንገዱ ተዘጋ፣ በረዶው ላይ ቆሻሻ ተከመረ፣ ከንቲባው ለሚቀጥለው እሁድ የአውቶቡሶቹን ቁጥር ለመገደብ ተገደዱ። የእኔ መንደር አንድ ቡና ቤትና አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ነው ያላት። 200 አውቶቡስ ቀርቶ ሁለት ቢመጣባት የት ትገባለች?

ተማሪዋ፣ ከቦሎኛ

ምሳሌሽ አያስኬድም። ሮካራሶ የናፖሊ ሰዎች ለዓመታት ሲመላለሱባት የኖረች ከተማ ናት፤ ማንም ደብቋት አያውቅም። ደግሞስ መረጃ ለእኛ ጌጥ ነው ወይ? ወንድ ወንድሜ በማያውቀው ጣቢያ ከምሽቱ አራት ሰዓት ቢወርድ ስለ እራቱ ነው የሚያስበው። እኔ ግን ጣቢያው ሠራተኛ አለው ወይ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው፣ ማረፊያውን የምትይዘው ሴት ናት ወይስ ወንድ፣ መንገዱ መብራት አለው ወይ፣ ይህን ሁሉ ሳላውቅ አልነሣም። ይህን የሚነግረኝ ከእኔ በፊት የሄደች ሴት እንጂ የጉብኝት መጽሐፍ አይደለም። አንቺ ዝም ስትይ እኔ መሄዴን አልተውም፤ ወደ ቬኒስ ነው የምሄደው። ቬኒስ ደግሞ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ሰው በሚበዛባቸው ቀናት ለውሎ ብቻ የሚመጣን እንግዳ 5 ዩሮ ታስከፍላለች፤ በ2025 ደግሞ ዘግይቶ የሚመዘገበው 10 ዩሮ እንዲከፍል ተደረገ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሮጌው ከተማ ወደ 175,000 ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ 50,000 አይሞላም። ሁላችንም እዚያው እንድንረጋገጥ የምታደርገው የናንተ ዝምታ ናት።

ሌላም አለ። የደቡብ ጣሊያን መንደሮች ሰው በዝቶባቸው ሳይሆን ሰው አጥተው ነው የሚዘጉት። በሲሲሊ ሳምቡካ የምትባለው በ2019 ባዶ ቤቶቿን ከ1 ዩሮ ጀምሮ ለጨረታ ያቀረበችው ጸጥታ ስለናፈቃት ይመስልሻል?

አስጎብኚው፣ ከአዲስ አበባ

እኔ እንኳ ወንድ ነኝ፤ ከተፈቀደልኝ አንድ ነገር ልበል። ቦታን የሚያድነው ዝምታ ሳይሆን ደንብ ነው። ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ በእግረኛ ድልድይ ብቻ የሚገባባት መንደር ናት፤ የቆመችበት ድንጋይ እየተናደ በመሄዱ ጣሊያኖች «የምትሞተው ከተማ» ይሏታል። ቋሚ ነዋሪዎቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2013 የመግቢያ ክፍያ ጀመረች፤ 1.50 ዩሮ የነበረው 5 ደርሷል። ክፍያው እንግዳውን አላስቀረውም፣ ገንዘቡ ግን ለማዘጋጃ ቤቱ ገባ። ሰርዴኛ ደግሞ ቁጥር ትገድባለች፤ ላ ፔሎዛ የባሕር ዳርቻ በበጋ በቀን 1,500 ሰው፣ ካላ ጎሎሪትዜ 250 ሰው ብቻ። በላ ፔሎዛ ከፎጣ ሥር ምንጣፍ ያላነጠፈ ይቀጣል፤ አሸዋው በፎጣ ተጣብቆ እየሄደ አልቆባቸው ነው። ስማቸውን ዓለም ያውቀዋል፣ ግን አሉ።

ጥያቄ አቅራቢዋ፣ ከሮም

ወንድሜ፣ ደንብ የሚወጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የእኔ መንደር ትኬት የሚቆርጥ ሰው የላትም።

እናት፣ ከሚላኖ

ልጆች፣ «የተሸሸገ» ስትሉ ከማን የተሸሸገ ማለታችሁ ነው? እኔ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚህ አገር አለሁ። የሰው ቤት ሠርቼ፣ ሽማግሌና አሮጊት አስታምሜ ነው የኖርኩት፤ እንደኔ የመጡት ብዙ ናቸው። እናንተ እንደ ብርቅ የምታወሩላቸውን መንደሮች አሠሪዎቼ ለበጋ ዕረፍት ሲወርዱ ይዘውኝ ሄደው አውቃቸዋለሁ። ጡረታ ወጥቼ በገዛ ገንዘቤ ስሄድ ግን ቡና ቤት ገብቼ ብቻዬን ብቀመጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማንን እናት ነው የምታስታምሚው?» የሚል ነው። ሁልጊዜ ከክፋት አይደለም፤ ጥቁር ሴት በሌላ ሥራ አይተው አያውቁም። ይህን ነጮቹ ሴቶች በጉዞ ጽሑፋቸው አይነግሯችሁም፣ አልደረሰባቸውማ። ስለዚህ ስሙን ጥሪው ልጄ፣ ግን ከስሙ ጋር ሰዎቹ እንዴት እንዳዩሽም ጻፊ።

እግረ መንገዴን አንድ ምክር ልስጥ። ትንሽ ከተማ ስትገቡ ከቀትር በኋላ ሁሉ ነገር ይዘጋል፣ መንገዱም ጭር ይላል፤ ያን ጊዜ አትንከራተቱ። ፀሐይ ስትበርድ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ጎረምሳው ሁሉ ለብሶ አደባባይ ላይ ይመላለሳል። የአገሩን ጠባይ የምታዩት በዚያ ሰዓት ነው፣ ብቻዋን ያለች ሴትም እዚያ መሀል አትፈራም። የሚያስቸግር ወንድ ከተከተላችሁ 1522 ደውሉ፤ በነፃ፣ ሌትና ቀን ይሠራል፤ ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች የተዘጋጀ ቁጥር ነው። አደጋ ከሆነ 112።

ጥያቄ አቅራቢዋ፣ ከሮም

እማማ፣ እርስዎ ያሉት እኔንም ገጥሞኛል። መንደሯ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው ሥራ ፈላጊ ነሽ ወይ የተባልኩት። ሳልጽፈው የቀረሁት ቦታውን እወደው ስለነበር ነው።

ከዋሽንግተን

እናንተ ስለ አንዲት መንደር ስትጨቃጨቁ ሮም ውስጥ በየቀኑ የምታልፉባቸውን ቦታዎች አላነሣችሁም። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው «የአምስቱ መቶ አደባባይ» የተሰየመው በ1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ነው፤ መታሰቢያ ሐውልታቸውም እዚያው አቅራቢያ ቆሟል። ስንቶቻችን ሻንጣችንን እየጎተትን አልፈንበታል! በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። መነኮሳቶቻችን ይኖሩበት የነበረ ነው፤ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ሮም ውስጥ ያሳተሙት በ1548 እና 1549 ነው። እንደ ልብ አይገባበትም፣ መኖሩን ማወቅ ግን መብታችን ነው። ከሮም በስተ ምሥራቅ ያለችው አፊሌ ደግሞ በ2012 በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ የሠራች መንደር ናት። የየካቲት 12 ሰው! ይህችንም ጸጥታዋን እንጠብቅላት?

ጥያቄ አቅራቢዋ፣ ከሮም

አፊሌን አልሸሽግም፤ ጮክ ብዬ ነው የምጠራት። ስለ ሐውልትና ስለ ታሪክ ከሁላችሁም ጋር እስማማለሁ። ሰው ስለሚኖርበት፣ ውኃውና መንገዱ ለራሱ ብቻ ስለሚበቃው መንደር ግን አቋሜን አልለቅም። በግል ለጠየቀችኝ ሴት እነግራለሁ፤ በአደባባይ አልጽፍም።

ተማሪዋ፣ ከቦሎኛ

ይህማ በዘመድ መሥራት ነው! የሚያውቅሽ ያያል፣ የማያውቅሽ ይቀራል። አገራችን ትተነው የመጣነውን አሠራር ጣሊያን ላይ ከፈትሽው ማለት ነው።

ጥያቄ አቅራቢዋ፣ ከሮም

ስድብሽን ተቀብያለሁ። እሁድ ብቻ እንዳትሄጂ፣ አውቶቡስ የለም። የቀረውን በመልእክት እልክልሻለሁ።

ተማሪዋ፣ ከቦሎኛ

በመልእክት አልቀበልም። እዚሁ ጻፊው።