ጅማ ደረሰኝ፤ ክላስ ምን ለብሼ ልግባ?

ድሬ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ያለው ሁሉ ስስ ልብስ ነው፣ ሹራብ የሚባል ነገር የለኝም ማለት ይቻላል። እማዬ ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሰው መስለሽ ግቢ» ብላ ሙሉ ልብስ ልታሰፋልኝ ተነስታለች። ሌላ ግቢ የተማረች የአክስቴ ልጅ በበኩሏ «ከላይ እስከ ታች ያዩሻል፣ ሳምንት ሳይሞላሽ ስም ያወጡልሻል» ብላ አስፈራርታኛለች። እውነት ነው? ምን ለብሳችሁ ነው የምትማሩት? እባካችሁ «የተመቸሽን ልበሺ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

ጭቃው_ይመስክር፦
እናትሽ ሙሉ ልብሱን ትተው በብሩ ጫማ ይግዙልሽ። የምሬን ነው። ጅማ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ጥቅምት ድረስ ነው። ጠዋት ፀሐይ ወጣ ብለሽ ነጭ ስኒከር አድርገሽ ትወጫለሽ፣ ከሰዓት ቀይ ጫማ ይዘሽ ትመለሻለሽ። የእኛ ክላስ በር ላይ ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ጠርዙ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ሶሉን እዚያ ላይ ፍቆ ነው የሚገባው። ቆንጆ የለበሰውም ያልለበሰውም በአንድ እግሩ ቆሞ ሲፍቅ ታይዋለሽ።

ሌላው ጂንስ ነው። ወፍራም ጂንስ አታብዢ። በዝናቡ ወቅት ታጥቦ አይደርቅም፣ እግሩ ደርቆ ወገቡና ኪሱ እርጥብ እንደሆነ ይከርማል። ክላስ አለብኝ ብለሽ እንደዚያው ለብሰሽው ከገባሽ ደግሞ ያ የእርጥብ ልብስ ሽታ አለ አይደል፣ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው የሚፈርድብሽ ያኔ ነው። ስስ ልብስሽን አትጣይው፣ ቀን ላይ ይሞቃል፣ ከላዩ የሚደረብ ሁዲ ወይም ጃኬት ብቻ ጨምሪበት።

ጂሲ_ነኝ_በቃ፦
ፍሬሽ፣ አዲስ ገቢ ማለት ነው፣ ሁሌም ያስታውቃል እህቴ፣ ብትደብቂውም አይደበቅም። ልብሱ ሁሉ አዲስ፣ መታወቂያው አንገቱ ላይ፣ ለጠዋት ሁለት ሰዓት ክላስ እንኳን ፀጉሩ የተሠራ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ቱታ ይጀመራል። ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ፣ ሲደረስ ሸበጥ በካልሲ፣ ማታ ላይብረሪ ደግሞ ጋቢ ነው። ጋቢ ይዘሽ ነይ፣ ለዚያ ማንም አይስቅብሽም።

ሙሉ ልብስ የሚያስፈልገው ለፕሬዘንቴሽን ነው፣ እሱም ቢሆን የራስ መሆን የለበትም። የእኛ ዶርም አንድ ጥቁር ኮት ነበር፣ የታችኛው ቁልፉ የወለቀ። ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ስንቱ አቀረበበት። አንድ ልጅ ሊያቀርብ ብድግ ሲል ከኋላ «ኮቱ መጣ!» ያለ ሰው አለ። መምህሩ ሳይቀር ሳቀ። ልጁም ሳቀና አቀረበ፣ አለቀ። ሙድ ይያዛል፣ ግን ቂም የለውም።

ነጭ_ጋውን፦
የትኛው ግቢ እንደምትመደቢ ሳይታወቅ መልስ መስጠት ይከብዳል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተፈጠረ ስለሆነ እስካሁን ሁሉም የየራሱ መልክ አለው። ግብርና ያሉት ፊልድ ስለሚወጡ ቦት ጫማ አድርጎ ክላስ መግባት ለነሱ ምንም አይደለም። ኪቶ ፉርዲሳ ቴክኖሎጂ ያሉት ሁዲ ነው፣ ብዙ አይጨነቁም። እኛ ጋ ግን ሆስፒታል መግባት ስትጀምሪ ጋውኑ ንጹሕ መሆን አለበት፣ የቆሸሸ ለብሶ በሽተኛ ፊት መቆም ያሳፍራል።

ደግሞ ሲቢቲፒ የሚባል ማኅበረሰብ ውስጥ ገብተሽ የምትማሪበት ሥልጠና አለ፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት ወጥተሽ የምትሠሪው። እዚያ የሚያዩሽ የክላስ ልጆች አይደሉም፣ እናቶችና አባቶች ናቸው። ቀደዳ ጂንስ ለብሰሽ «ውሃችሁን ከየት ነው የምትቀዱት?» ብትያቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጉልበትሽን ነው የሚያዩት። ለዚያ ረዘም ያለ ቀሚስ ወይም ሰፋ ያለ ሱሪ ያዢ።

ሳሎ_ብሎክ፦
@ጂሲ_ነኝ_በቃ ቂም የለውም ያልከው ለወንድ ነው። ወንድ ሸበጥ አድርጎ ክላስ ሲገባ «ሲያጠና አድሮ ነው» ይባላል። ሴት ስታደርገው «ራሷን ጣለች» ነው። ዘንጣ ብትመጣስ? «ለማን ነው?» ይላሉ። ታይት ለበሰች፣ ተሸፋፈነች፣ ሁለቱም ወሬ ነው። ኮቱን ለብሶ ያቀረበውን ልጅ በኮቱ ሳቁ፣ እኔ ሳቀርብ ግን ስለ ቀሚሴ ርዝመት አስተያየት የሰጠኝ ሰው ስለ ስላይዴ አንድም ነገር አላለኝም።

ድሬ_ልጅ፣ ላስፈራራሽ አይደለም። ሒጃብ የምታደርገውም፣ ነጠላ የምታጣፋውም፣ ሱሪ የምትለብሰውም አንድ ዶርም አብረን ነው የምንኖረው፣ በዚያ በኩል ሰላም ነው። የሚያወራው ደግሞ ያለማቋረጥ የሚያወራው ያው ትንሽ ሰው ነው፣ ላውንጅ በር ላይ ቁጭ ብሎ። መንገድ ቀይሪ አልልሽም፣ በፊቱ እለፊ።

የሒርማታ_ልጅ፦
የከተማ ልጅ ነኝ፣ እኔም ልናገር። ከድሬ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ጎትተሽ አትምጪ። መጥተሽ አየሩን እዪና ሹራብና ጃኬት ከዚህ ግዢ። የሒርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ጊዜ ጀምሮ ስሙ የተጠራ ነው። ሰልባጅ ስትገዢ ጠዋት ሂጂ፣ ዚፑን ከፍተሽ ዝጊው፣ ብብቱን አሽትቺው፣ የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምተሽ አትደንግጪ። ክላስ ውስጥ «የት ገዛሽው?» እየተባለ የሚደነቀው ጃኬት ብዙ ጊዜ ከዚያ የወጣ ነው፣ ባለቤቱ ግን «ወንድሜ ከውጭ ልኮልኝ ነው» ይላል 😂

ድሬ_ልጅ፦
ኧረ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም! ለእማዬ አነበብኩላት። ጫማውን ተስማማች፣ ሙሉ ልብሱን ግን «አንዱን ብቻ» ብላ ድርቅ አለች። @ሳሎ_ብሎክ ያልሽው ገብቶኛል። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ዶርም ካውያ ይገኛል?

ጂሲ_ነኝ_በቃ፦
አትቁጠሪበት። ሱሪውን በመስመሩ አጣጥፈሽ ፍራሽ ስር አንጥፊና ተኚበት፣ ጠዋት ተተኩሶ ታገኚዋለሽ። ኮቱን ግን ስቀይው። ሲያዩት ደግሞ ተበዳሪ ይመጣል፣ ቁልፎቹን ከአሁኑ አጠንክረሽ ስፊያቸው።