በበረዶ ሥር መረብ የሚዘረጋው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ካናዳ፣ እንደ ግሬት ስሌቭ ባሉ ሐይቆች አጥማጆች በብርዱ ወራት በበረዶ ሥር መረብ ይዘረጋሉ። ጀልባ በሌለበት 90 ሜትር መረብ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል? በረዶው ውስጥስ አይቀርም?

መልስ 1፦
በጂገር ነው። ጂገር መሃሉ የተሰነጠቀ፣ 2 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጣውላ ሲሆን በስንጥቁ ውስጥ ገመድ የታሰረበት የብረት ክንድ አለው። በቀዳዳው ሲገባ ይንሳፈፍና ከበረዶው ሥር ይለጠፋል። ገመዱን ሳብ ስታደርገው ክንዱ በረዶውን ነክሶ ጣውላውን ወደፊት ይገፋዋል። ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ። ሌላ ሰው ከላይ ድምፁን እያዳመጠ ይከተላል። የሚፈለገው ርቀት ላይ ሲደርስ አጠገቡ ሁለተኛ ቀዳዳ ይበሳና ገመዱ ይወጣል፤ ከዚያ መረቡን አስሮ መጎተት ነው።

መልስ 2፦
ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል። የመረቡ የላይ ገመድ በረዶውን ከነካ፣ በረዶው ወደ ታች እየወፈረ ይውጠዋል፤ በመጥረቢያ ላውጣ ካልክ መረቡን ትቆርጠዋለህ። ስለዚህ የመረቡ ጫፎች ከበረዶው ሥር 1 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው፣ ቀዳዳው ላይ ከተጋደመ እንጨት ይታሰራሉ። መረቡ ሲወጣ ከኋላው ሌላ ገመድ መታሰሩን እንዳትረሳ፤ አለዚያ መረቡን መልሶ ለመዘርጋት እንደገና ጂገር ነው።

ጠያቂ፦
ዓሣውስ መረብ ላይ ስንት ቀን ይቆያል?

መልስ 1፦
ከ2 ቀን ባያልፍ ይመረጣል፤ መረብ ላይ ሞቶ የቆየ ዓሣ ሥጋው ይላላል። ከወጣ በኋላ ደግሞ ብርዱ አለ። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ቶሎ በረዶ ስለሚሆን እንደ ትኩስ ዓሣ አይሸጥም። ማሞቂያ ያለው ጎጆ ቢኖር ጥሩ ነው።