አንድ ታካሚ፣ ሁለት ሐኪም፣ ሁለት የዳስ 28 ውጤት፦ የትኛውን እንመን?

ጥያቄ
ሰላም ባልደረቦች። አንዲት የሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያስቆጣ በሽታ) ታካሚ በአንድ ቀን ሁለት ሐኪሞች አይተዋት ዳስ 28 (በ28 መገጣጠሚያ የበሽታውን ክብደት የሚለካ ነጥብ) በአንዱ 4.46፣ በሌላው 5.02 ወጣ። ኢኤስአር (ቀይ የደም ሕዋሶች በቱቦ ውስጥ የሚወርዱበት ፍጥነት፣ የብግነት ምልክት) 30፣ ያበጠ መገጣጠሚያ 2፣ ራሷ ለሕመሟ የሰጠችው ነጥብ 40 ከ100፤ እዚህ ላይ ሁለቱም ይስማማሉ። የተለያዩት ሲጫኑት የሚያመው መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ አንዱ 4፣ ሌላው 9 ቆጥሯል። ሕክምና ለመወሰን የትኛውን እንያዝ? ኢኤስአር በማይሠራበት ቀንስ?

መልስ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም
ቀመሩን ካዩት ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚያመው ቁጥር ስኩዌር ሩት በ0.56 ሲባዛ ያበጠው ግን በ0.28 ነው። ከ4 ወደ 9 መሄድ ብቻውን 0.56 ይጨምራል። እብጠቱ በዚያው ልክ ቢጨምር ኖሮ የሚጨመረው ግማሹ፣ 0.28 ነበር። ሕመም ከእብጠት እጥፍ ይመዝናል ማለት ነው፤ የዚህ መለኪያ ትልቁ ድክመት ይኼ ይመስለኛል።

ለውሳኔ ግን አይጨነቁ። ሁለቱም ውጤት ከ3.2 በላይና ከ5.1 በታች ስለሆነ መካከለኛ ደረጃ ላይ ነች፤ ዒላማው ላይ አልደረሰችም። በዩላር (የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት) መስፈርት ጥሩ ምላሽ የሚባለው ከ1.2 በላይ ወርዶ 3.2 ወይም ከዚያ በታች ሲገባ ነው። 0.5 ብቻውን የመድኃኒት ለውጥ አያስወስንም። 9 ያመማት ሆኖ ያበጠው 2 ከሆነ ግን ፋይብሮማያልጂያ (ያለ እብጠት ሰውነትን በሰፊው የሚያሳምም ሁኔታ) መኖሩን ሳይፈትሹ መድኃኒት አይጨምሩ።

መልስ፣ የመገጣጠሚያ ምርመራ የሚያስተምር
ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከአጫጫን ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑ የራስዎ ጥፍር ነጣ እስኪል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጤነኛውም መገጣጠሚያ ያማል። እብጠት ለማየት የጣቱን መካከለኛ መገጣጠሚያ በሁለት አውራ ጣትና በሁለት ጠቋሚ ጣት ይያዙት፣ በአንድ በኩል ገፋ ሲያደርጉ ፈሳሹ በሌላው በኩል ይሰማል። ደንደን ብሎ አጥንት የሚመስል ከሆነ የኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) ነው፣ አይቆጠርም።

28ቱ ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓና ጉልበት በሁለቱም በኩል (8)፣ የጣቶች ሥር 10 እና የጣቶች መካከለኛ 10 ናቸው፤ የአውራ ጣት መታጠፊያም ከመካከለኛዎቹ ጋር ይቆጠራል። እግር የለበትም። ስለዚህ የእግር ጣቶች ሥር አብጦ ውጤቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ባይቆጠርም ጫማ አስወልቀው ይዩት። ክትትሉን አንድ ሐኪም ቢያደርግ ይመረጣል። ካልተቻለ ሁለቱ አብረው ጥቂት ታካሚዎች ቆጥረው ይለማመዱ።

መልስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ኢኤስአሩንም አትርሱት። ቱቦው ትንሽ ካዘመመ ቀይ ሕዋሶቹ ፈጥነው ይወርዳሉ፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በዌስተርግሬን (የተለመደው የኢኤስአር አሠራር) ዘዴ ደምና ሲትሬት (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) 4 ለ1፣ ቱቦው ቀጥ ብሎ፣ ልክ 1 ሰዓት፤ ደሙ በክፍል ሙቀት ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ። ደም ማነስ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ካለ የሩማቶይዱ ሳይባባስ ይጨምራል። አንድ የማይታለፍ ነገር፦ ኢኤስአር 42 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ናቹራል ሎጉ በ0.70 ተባዝቶ ብቻውን ከሬሚሽን ወሰን ከ2.6 ስለሚያልፍ፣ አንድም መገጣጠሚያ ባያማት ሬሚሽን (በሽታው የተኛበት ደረጃ) ላይ ናት የሚል ውጤት አይወጣም።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ላቦራቶሪ በሌለ ቀን በሲዲኤአይ (ያለ ላቦራቶሪ የሚሰላ ተመሳሳይ ነጥብ) ብንሠራስ?

መልስ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም
ይሠራል፣ ስሌቱም መደመር ብቻ ነው፦ የሚያመው፣ ያበጠው፣ የታካሚዋ ነጥብ ከ10 እና የሐኪሙ ነጥብ ከ10። እስከ 2.8 ሬሚሽን፣ እስከ 10 ዝቅተኛ፣ እስከ 22 መካከለኛ። የሐኪሙን ነጥብ 3 ብንለው የእርሷ 13 ወይም 18 ይሆናል፤ ሁለቱም መካከለኛ። የዛሬውን ሲዲኤአይ ካለፈው ዳስ ጋር ግን አያወዳድሩ። በሲአርፒ (ሌላ የብግነት የደም ምርመራ) የተሠራ ዳስም ብዙ ጊዜ በኢኤስአር ከተሠራው ዝቅ ስለሚል፣ በካርዷ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ በየትኛው እንደተሠራ ይጻፉ።