በዛፍ ሥር የቆመው የቡና ችግኝ ለምን ቀጥኖ ረዘመ?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ከተማ ብዙ በማይርቅ ቦታ ለራሴ ማሳ የሚሆን አነስተኛ የቡና ችግኝ ማፍያ አለኝ። ዘንድሮ ቦታ ስለጠበበኝ፣ ከአንድ እናት ዛፍ ለቅሜ በአንድ ቀን ከዘራሁት ዘር የበቀሉትን ችግኞች ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን በደረቅ ሣር በተከደነ ዳስ ሥር፣ ግማሹን ደግሞ ጥቅጥቅ ባለ የአቮካዶ ዛፍ ሥር አስቀመጥኩ። አፈሩም ውኃውም አንድ ነው፤ የጥላው መጠንም ለዓይን ተቀራራቢ ነው። ሆኖም የዳሱ ችግኞች አጠርና ደንደን ብለው ሲያድጉ፣ የአቮካዶው ሥር ያሉት ግንዳቸው ቀጥኖ፣ አንጓዎቻቸው ተራርቀው ወደ አንድ ጎን አዘንብለዋል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሰኔ ላይ ወደ ማሳ ላወጣቸው አስቤ ስለነበር ጉዳዩ አሳስቦኛል።

መላሽ 1፦
የሁለቱ ጥላዎች ብርሃን በመጠን ቢቀራረብ እንኳ በዓይነት ይለያያል። ሕይወት ያለው ቅጠል በሐመልሚሉ (በአረንጓዴ ቀለሙ) አማካይነት ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለውንና ዓይናችን እምብዛም የማያየውን ሩቅ ቀይ ብርሃን በብዛት ያሳልፋል። ደረቅ ሣር ግን ሐመልሚሉ ስለጠፋ ብርሃኑን ይቀንሳል እንጂ ቀዩን ለይቶ አያስቀርም። ተክሉ ይህን ልዩነት የሚያውቀው ፋይቶክሮም በተባለ ፕሮቲን ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር አካባቢ የሆነው ቀይ ብርሃን ፕሮቲኑን ወደ ንቁ መልኩ ሲለውጠው፣ 730 አካባቢ ያለው ሩቅ ቀይ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ይህ መመላለስ እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ቤልትስቪል በሰላጣ ዘር ላይ በተደረገ ሙከራ ታይቷል፤ ቀይ ብርሃን ያበቀለው ዘር ወዲያው ሩቅ ቀይ ሲከተለው ሳይበቅል ይቀር ነበር፣ ወሳኙም መጨረሻ ላይ ያረፈበት ብርሃን ነበር። በአቮካዶው ሥር ሩቅ ቀዩ ስለሚያይል፣ ችግኙ በላዩ ሌላ ተክል እንዳለ ተረድቶ ለማምለጥ ግንዱን ያስረዝማል።

መላሽ 2፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ሁሉንም ነገር በብርሃኑ ዓይነት ላይ መጣል ግን አይገባም። ቡና በጫካ ጥላ ሥር የኖረ ተክል ስለሆነ፣ ለቅጠል ጥላ የሚሰጠው ምላሽ እንደ ቲማቲም ካሉ ፀሐይ ወዳድ ተክሎች ይለዝባል። እኔ ይበልጥ የምጠራጠረው የዓይን ግምቱን ነው። ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው አረንጓዴን ነው፤ በዛፍ ሥር ደግሞ ከሚታየው ብርሃን ይበልጥ ተርፎ የሚገኘው ይኸው አረንጓዴ ስለሆነ፣ ቦታው ለእኛ ደህና ብርሃን ያለው እየመሰለን ለተክሉ ግን የጨለመ ሊሆን ይችላል። ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ በውሰት ቢያገኙ ሁለቱንም ቦታ በእኩለ ቀን ይለኩ። ማዘንበላቸው የሰማያዊ ብርሃን ሥራ ነው፤ ብርሃኑ በአንድ ጎን ብቻ ሲገባ፣ ጥላ ያረፈበት የግንዱ ጎን ፈጥኖ ስለሚያድግ ጫፉ ወደ ብርሃኑ ይታጠፋል። ከረጢቶቹስ ተጣብቀው ነው የተደረደሩት? ጎረቤት ችግኝ ከቅጠሉ የሚመልሰው ሩቅ ቀይም ሳያጠላ እንኳ ያስረዝማልና።

መላሽ 3፦
ወንድሜ፣ በአንጓዎቹ መካከል የረዘመው ግንድ ተመልሶ አያጥርም፤ አዲስ የሚወጣው ግን ሊስተካከል ይችላል። ከረጢቶቹን አራርቀው ወደ ዳሱ ያዛውሯቸው። በጥላ ያደገ ቅጠል ሰፊና ስስ ስለሆነ ድንገት ለፀሐይ ቢጋለጥ ይቃጠላል፤ ስለዚህ የዳሱን ሣር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳሱት። ወደ ማሳ ማውጣት ያለብዎ አዲሶቹ ቅጠሎች ጠንክረው ሲያዩዋቸው ነው፤ ሰኔ ቢያልፍና ሐምሌ ቢገባ እንኳ አይቸኩሉ። በማሳውም ቢሆን እንደ ሰሳ ቅጠሉ ረቂቅ የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ዛፍ እንጂ እንደ አቮካዶ ድፍን ጥላ የሚጥል አይምረጡ።

ጠያቂ፦
ከረጢቶቹ በእርግጥ ተጣብቀው ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ነገ ጠዋት አራርቄ ወደ ዳሱ አዛውራቸዋለሁ፣ በጣም የቀጠኑትንም ለይቼ አዲሱ ቅጠላቸው እንዴት እንደሚወጣ እከታተላለሁ።